የረግረግ ዋጋ፦ ከጣና ዳርቻ እስከ ሐረማያ

በገጠር የመሬት መዝገብ ውስጥ ረግረግ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዓምድ የለውም። እርሻ አይደለም፣ ደን አይደለም፣ ቤትም አልተሠራበትም፤ ስለዚህ አንዳንዴ ከወል ግጦሽ ጋር ይደመራል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ጠፍ» ወይም «ያልለማ» ተብሎ ያልፋል። ይህ የጸሐፊዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ውሃ አዘል መሬቶች ላይ የደረሰው ጥፋት በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ያልለማ የተባለ መሬት ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይሰጣል፤ ወጣቶች ሲደራጁ ይከፋፈላል፣ ባለሀብት ሲመጣ ይታጠራል፣ ከተማ ሲሰፋ አፈር ይደፋበታል። የሰጠው አካልም የነበረ ነገር እንዳጠፋ አይሰማውም፤ ከምንም ተነሥቶ አንድ ነገር እንደፈጠረ ይቆጥራል።

የችግሩ ምንጭ የግንዛቤ እጥረት ነው የሚለው የተለመደ አባባል አያሳምነኝም። በረግረግ ዳር የሚኖር ገበሬ በበጋ ከብቱን የት እንደሚያሰማራ፣ የትኛው ምንጭ እስከ ግንቦት እንደማይነጥፍ፣ የቤት ክዳን ሣር ከየት እንደሚታጨድ ከማንም የበለጠ ያውቃል። የጎደለው ሒሳቡ ነው። ረግረጉን አጠንፍፎ በቆሎ የዘራ ሰው ትርፉን በኩንታል ይቆጥራል፤ ጉዳቱ ግን በብዙ ሰዎች ላይ ጥቂት በጥቂት፣ ያውም ከዓመታት በኋላና ከወንዙ በታች ስለሚደርስ ማንም አይደምረውም።

እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 1971 በኢራኗ የራምሳር ከተማ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውሃ አዘል መሬትን በሰፊው ይተረጉመዋል። ረግረግ፣ ጨፌ፣ ሐይቅ፣ የወንዝ ዳር የጎርፍ ሜዳ፣ በተፈጥሮ የኖረም ሆነ በሰው እጅ የተሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚይዝም ሆነ በክረምት ብቻ የሚሞላ፣ ጨዋማም ሆነ ጨው አልባ ሁሉ በዚህ ሥር ይወድቃል። በኢትዮጵያ እነዚህ ስፍራዎች ከአገሪቱ ስፋት 2 በመቶ ገደማ ይይዛሉ ተብሎ ይገመታል። ከጋምቤላ የባሮና የአኮቦ የጎርፍ ሜዳዎች እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ከኢሉባቦር ጨፌዎች እስከ ጣና ዙሪያ ደንገል ድረስ የተለያየ መልክ አላቸው። የጣናን ዳርቻ ጠለቅ ብሎ ማየት ግን ነገሩን ከሁሉም በተሻለ ያስረዳል፤ የረግረግ ጥቅምም ጥፋትም እዚያ ጎን ለጎን ይታያሉና።

ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በክረምት ሁሉም ከደጋው የታጠበ አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። ወንዙ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ከተዘረገፈ አፈሩም ይዘረገፋል፤ በመካከል ፊላ፣ ደንገልና ቄጠማ ያለበት ሰፊ ረግረግ ካለ ግን ውሃው በግንዶቹ መካከል ይበተናል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉም እዚያው ይቀመጣል። ከማዳበሪያ የመጣው ፎስፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ከደለሉ ጋር አብሮ ይቀራል። ናይትሬት ግን በውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ በመዝቀጥ አይያዝም፤ እሱን የሚያስወግዱት ኦክስጅን በሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ረቂቅ ሕዋሳት ለመተንፈስ ከናይትሬቱ ውስጥ ኦክስጅኑን ይወስዳሉ፤ የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። መንገደኛው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው የሚሸት ጭቃ፣ አንድ ከተማ በብዙ ሚሊዮን ብር የሚያስገነባው የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራውን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠራል።

ረግረግ ጎርፍን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል የሚለው አነጋገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰኔ ገና ያልሞላ የጎርፍ ሜዳ ብዙ ውሃ መያዝ ይችላል፤ በነሐሴ አፉ ድረስ የሞላ ግን ተጨማሪ አይመጥጥም፤ የሚያደርገው ጎርፉን በሰፊ ሜዳ ላይ አሰራጭቶ ጉልበቱን ማላላትና መድረሻውን ማዘግየት ነው። ደንገልም በበጋ ብዙ ውሃ በቅጠሉ ያተናል። አንዳንዱ ረግረግ የከርሰ ምድር ውሃን ይመግባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውሃ የሚኖር ነው። እነዚህን ልዩነቶች ማንሣቴ ረግረግን ለማሳነስ አይደለም። ለሁሉም ረግረግ ሁሉንም ጥቅም የሚያሸክም ቅስቀሳ፣ ዝርዝሩን የሚያውቅ መሐንዲስ ፊት ሲቀርብ በቀላሉ ይረታል።

በጣና ዳርቻ ይህን ሀብት በየዕለቱ የሚጠቀም ሰው አለ። የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ እየታሰረ ከፊቱ ቀና ብሎ ይያያዛል። ታንኳው ውሃ ቀስ በቀስ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ከሐይቁ አውጥቶ አቁሞ ያደርቀዋል፤ እንደዚያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፣ አዲስ መሥራት ግድ ነው። ይህ ማለት አንድ ዓሣ አስጋሪ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ደንገል ያስፈልገዋል ማለት ነው። በአቅራቢያው ያለው ደንገል ሲመነጠር ራቅ ካለ ቦታ ያመጣል፣ ወይም ይገዛል፣ ወይም ሥራውን ይተዋል። እንዲህ ያለው ኪሳራ በየትኛውም የልማት ሪፖርት ውስጥ ቦታ አግኝቶ አይቼ አላውቅም።

ዓሣውም ከረግረጉ ጋር የተሳሰረ ነው። በጣና ብቻ የሚገኙት ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከአንድ ዘር ተነሥተው እዚያው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። አምባዛ ደግሞ በጎርፍ የተሸፈነውን የዳርቻ ሣር ይመርጣል፤ የቆሮሶ ጫጩቶችም በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውሃና በተክሎች መካከል ይሸሸጋሉ። የወንዙ አፍ በአሸዋ ቁፋሮና በወጥመድ ሲዘጋ፣ ዳርቻውም ሲታረስ፣ በባሕር ዳር ገበያ የዓሣው ዋጋ ይወደዳል፤ ገዢው ግን ምክንያቱን ከእርሻው ጋር አያያይዘውም።

ከተሜውም ቢሆን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለም። ለቡና የሚጎዘጎዘው፣ በእንቁጣጣሽና በሠርግ ቤቱን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ በቀዳም ሥዑር ምእመናን በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ቄጠማ የሚበቅለው በጨፌ ነው። የአዲስ አበባ የዓውደ ዓመት ገበያ በአንድ ቀን የሚያስተናግደውን ቄጠማ በብር የተመነ ሰው ቢኖር፣ «ጠፍ መሬት» የሚለው አባባል ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደሆነ በግልጽ ይታይ ነበር።

አሁን ወደ አከራካሪው ጉዳይ ልምጣ። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የፎገራ ሜዳ እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በዋናነት የግጦሽ ቦታ ነበር። ውሃ የተኛበትን ሜዳ የለመደውና በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የዚያ ሜዳ ውጤት ነው። ከዚያ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ገባ፤ መጀመሪያ በጥቂት የገበሬ ማኅበራት ማሳ፣ በኋላም በመላው ሜዳ ተስፋፋ። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ የሩዝ መዲና ናት፤ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ፤ ቀድሞ ክረምቱን በጎርፍ ምክንያት ምንም የማይዘራበት ቤተሰብ ዛሬ ሩዝ ሸጦ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ሜዳው ተበላሸ ብሎ ለዚህ ቤተሰብ መስበክ ቀላል አይደለም፤ ተገቢም አይመስለኝም።

ነገር ግን የሒሳቡን ሌላ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል። የሩዝ ማሳም በራምሳር ትርጉም ውሃ አዘል መሬት ነው፤ በክረምት ውሃ ይይዛል፣ ወፎችም ይመገቡበታል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ግን መሬቱ አያርፍም፤ በቀሪው እርጥበት ጓያና ሌላ ሰብል ይዘራበታል፣ በፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የቆመ ተክል፣ የወል ግጦሽና ደለል አጣሪ የነበረው ሜዳ እነዚህን ሦስት ሥራዎች ትቷል። የፎገራ ከብት ዝርያ ዛሬ በአንዳሳ የምርምር ማዕከል እንዲጠበቅ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህም በላይ ሩዙ በሜዳው አልቆመም፤ ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ተከትሎት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውሃ ከወትሮው በእጅጉ ወርዶ ነበር፤ በወቅቱ የተጋለጠው የባሕር ሸሽ መሬት በፍጥነት ታረሰ። ውሃው ሲመለስ ግን አራሹ መሬቱን የራሱ አድርጎ ይዞታል። በእኔ ግምት ከሩዙ ራሱ ይልቅ መስፋፋቱን የሚያቆም መስመር አለመኖሩ ነው ጥፋቱ።

እንቦጭ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም ቀደም ብሎ በቆቃ ግድብ ይታወቅ ነበር፤ በጣና መኖሩ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሰሜናዊና በምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማለትም መገጭ፣ ርብና ጉማራ አፈርና ማዳበሪያ በሚያራግፉበት ወገን፣ በብዛት መታየቱ ብዙ ይናገራል። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፣ ከሩቅ ከተሞች የመጡ በጎ ፈቃደኞች አግዘዋል፣ ማሽኖችም ተገዝተዋል። ይህ ትጋት ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም አረሙን የሚመግበው ንጥረ ነገር ሳያቋርጥ ወደ ሐይቁ እየገባ፣ ያንን ሲያጣራ የኖረው ደንገልም እየተመነጠረ አረሙን ብቻ መንቀል በየዓመቱ ከመጀመሪያው እንድንጀምር ያደርገናል።

ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ምሥራቅ መሄድ ያስፈልጋል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐረማያ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። በዙሪያው ጫትና አትክልት በፓምፕ ይለማ ነበር፤ ከተራቆቱት ኮረብቶችም ደለል ያለ ከልካይ ይገባ ነበር። እያንዳንዱ ፓምፕ ለየብቻው ሲታይ ጥቂት ውሃ ነው የሚስበው፤ ባለቤቱም ቤተሰብ አስተዳዳሪ እንጂ አጥፊ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግን ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ ይቀዝፍበት የነበረው ቦታ የከብት መሰማሪያ ሆነ። ሐረር ለብዙ ጊዜ በውሃ ጥም ተሰቃየች፤ በኋላም ከድሬዳዋ ቆላ ከሚገኙ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ፣ ዳገቱን ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣላት ተደረገ። የቧንቧው፣ የፓምፑና በየወሩ የሚከፈለው የኤሌክትሪክ ዋጋ ሐይቁ በነጻ ይሰጠው የነበረው አገልግሎት ተመን መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል ወደ ሐረማያ መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ ፓምፖቹም አብረው እንዳይመለሱ የሚያደርግ ሥርዓት ከሌለ ግን ደስታው አጭር ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የአቢጃታ ሐይቅ ታሪክም ቅርብ ነው፤ ዝዋይን በሚመግቡት በመቂና በቀታር ወንዞች፣ በራሱ በዝዋይና ከእሱ በሚወጣው ቡልቡላ ላይ የሚጠለፈው ውሃ፣ ከሶዳ አሽ ምርቱ ጋር ተዳምሮ፣ ከሰንሰለቱ ጫፍ ያለውን ሐይቅ ከቀድሞ ስፋቱ ከግማሽ በታች አውርዶታል።

«እንግዲያው ጥቅሙን በገንዘብ እንተምንና ባለሥልጣናቱ ይወስኑ» የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። የካምፓላው ናኪቩቦ ረግረግ እዚህ ላይ ጥሩ ማሳያ ነው። የከተማው ፍሳሽ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚገባው በዚህ ረግረግ በኩል ነው፤ ከተማው የመጠጥ ውሃ የሚቀዳውም ከዚያው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተሠራ ጥናት ረግረጉ ፍሳሽ በማጣራት ብቻ የሚሰጠው ጥቅም በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 የውሃ አዘል መሬት ፖሊሲ በማውጣት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ያም ሆኖ የናኪቩቦ ደንገል በጎደሬ ማሳ፣ በመኖሪያና በፋብሪካ መሸርሸሩ አልቆመም። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ቁጥሩን ይዞ በየማለዳው ረግረጉ ዳር የሚቆም ባለቤት ግን አልነበረም። ትመና ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን መሬቱን አያስጥልም።

ባለቤትነት ምን ሊመስል እንደሚችል በኢሉባቦር ጨፌዎች ታይቷል። እዚያ ገበሬዎች ከአሮጌው እህል ማለቅ እስከ አዲሱ መድረስ ያለውን የችግር ወቅት ለመሻገር የጨፌውን ጥቂት ክፍል አጠንፍፈው በቆሎ መዝራት የቆየ ልማዳቸው ነው። ቦዩ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚጠርገው የሚያስተባብር አባ ለጋ የሚባል ኃላፊ ነበራቸው። ጨፌው የተጎዳው ይህ ሥርዓት በነበረበት ቦታ ሳይሆን፣ ምርት ይጨምር በሚል ግፊት ሙሉ በሙሉ እንዲጠነፈፍ በተደረገበት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በታረሰበትና በዳሩ ባሕር ዛፍ በተተከለበት ቦታ ነው። እዚያ አፈሩ ደረቀ፣ የክዳን ሣሩ ጠፋ፣ ከታች ያሉት ምንጮችም ቀነሱ። መጠቀምና መጠበቅ የግድ ተቃራኒዎች እንዳልሆኑ ይህ ያሳያል፤ ወሰኑን የሚያውቅና የሚያስከብር ሰው እስካለ ድረስ። ስለ ባሕር ዛፍ ካነሣሁ አይቀር፣ በየክረምቱ የችግኝ ዘመቻ ላይ «ባዶ» የመሰለ ረግረግ ተመርጦ ችግኝ ሲተከልበት ማየት የተለመደ ሆኗል። ዛፍ ያልነበረበትን ጨፌ ዛፍ ማልበስ በሪፖርት ላይ ያማረ ቁጥር ሊያስገኝ ይችላል፤ ጨፌውን ግን ያደርቃል።

ሌላው ምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሆለታ የማይርቀው የበርጋ ሜዳ ነው። ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ፣ በክረምቱ አጋማሽ በዚህ ሜዳ ሣር ውስጥ ጎጆዋን ትሠራለች። መራቢያዋ ተብለው በዓለም ከሚታወቁት እጅግ ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ወፏ በምትራባባቸው ሳምንታት ከብት ወደ ሜዳው እንዳይገባ ማድረግ ሲችሉ፣ እነሱም በኋላ የሚያጭዱት ድርቆሽ የተሻለ ሆነ። ድርቆሹ ባይኖር ወፏ ብቻዋን ጠባቂ ታገኝ ነበር ብዬ ራሴን አላሞኝም።

በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 በገጠር ውሃ አዘል መሬቶች ያለው ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅ ደንግጎ ነበር፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የጣና ዙሪያም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በሌላ በኩል ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ኬንያም በ1990 የራምሳር ስምምነት አባል ሲሆኑ ኢትዮጵያ ለአሥርት ዓመታት ከስምምነቱ ውጭ ቆይታለች። ውሃው የአንድ መሥሪያ ቤት፣ መሬቱ የሌላው፣ ዓሣው የሦስተኛው፣ ወፉ የአራተኛው ሆኖ ሲከፋፈል ረግረጉ እንደ ረግረግ የማንም ኃላፊነት አይሆንም። ከሁሉ በፊት መቅደም ያለበት ግን መዝገቡን ማስተካከል ነው፦ ውሃ አዘል መሬት በየቀበሌው የራሱ ምድብ ይኑረው፣ ወሰኑ በካርታ ይስፈር፣ የሚያጭደው፣ የሚያሰማራውና የሚያሰግረው ሕዝብ ደግሞ በወል ባለመብትነት የሚታወቅበት ደብተር ይሰጠው።

ወሰኑ የሚለካበት ወቅትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ጣና በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፣ በመስከረም ገደማ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በፎገራና በደምቢያ ዝርግ ዳርቻ ላይ ይህች አንድ ሜትር ተኩል ሰፊ መሬት ትሸፍናለች። ቀያሾች ግን ወደ ሜዳ የሚወጡት መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ነው፤ ያኔ የተተከለ ችካል የረግረጉን ትልቁን ክፍል ከወሰኑ ውጭ ትቶ የእርሻ ደብተር እንዲወጣበት በር ይከፍታል። ቅየሳው መከናወን ያለበት ከመስከረም እስከ ጥቅምት፣ ውሃው የደረሰበት ምልክት ሳይጠፋ፣ በጀልባም ቢሆን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ለዚህ ሥራ የሚውለው ገንዘብ ከቀዳሚው ሰኔ በፊት ታቅዶ ካልተያዘ ቀያሹ እንደገና በሚያዝያ ይመጣል።